በእኔ ፋንታ የመለሰው ሰው

ይህን የምጽፈው ሁለት ነገር ለመናገር ነው። አንደኛው አጭር ነው፤ ወተት ሳታፈሉ አትጠጡ። ሁለተኛው ትንሽ ይረዝማል፤ እግዚአብሔር ምን እንዳሰበ አውቃለሁ ከሚል ሰው ጋር ሐኪም ቤት አትሂዱ። በሽታው ለቆኝ ከሄደ ቆይቷል። ንዴቱ ግን አሁንም አብሮኝ አለ፤ እንዲለቀኝም እስካሁን አልጸለይኩም። ስለዚህ ለስለስ ያለ ምስክርነት የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስሜ ሰናይት ይባላል። በዚያን ጊዜ ጅቡቲ ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ባለ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ባለቤቴ ታደለ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር ነው። ጭነት እስኪያገኝ ከእኔ ጋር ይከርማል፣ ሲጭን ይሄዳል። ትዳራችን ግማሹ በስልክ፣ ግማሹ በመተማመን የቆመ ነበር። ይህን መተማመን ልብ በሉልኝ፤ የተወሰደብኝ እሱ ነውና።

የተከራየነው ቤት ካርቲዬ ሲስ ነበር፤ ስድስተኛው ሰፈር ማለት ነው። ግቢውን የምንጋራው ሐዋ ከምትባል ሶማሌ ሴት ጋር ነው። ሐዋ ባሏ የሞተባት፣ ድምጿ ጎላ ያለ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ነች። ወንድሟ ከገጠር የግመል ወተት በጄሪካን ይልክላታል። ማታ ማታ ሙቀቱ ጋብ ሲል አንድ ኩባያ ሞልታ ይዛልኝ ትመጣለች።

የእኛ ሰው የግመል ወተት አይጠጣም። ደገኛ ክርስቲያን ሆኖ የግመል ነገር የቀመሰ ሰው ሃይማኖቱን የለወጠ ያህል ይታያል። ወንጌል አማኝ ሆነን ጾሙን ሁሉ የተውን ሰዎች እንኳ ይህችን ነገር አልተውናትም። እኔም ኩባያዋን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አፍንጫዬን ይዤ ነበር። ግን የጅቡቲን ሐምሌ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። ምግብ አይበላ፣ እንቅልፍ አይመጣ፤ ሆዴ የሚቀበለው ያችን ጨው ጨው የምትል ቀጭን ወተት ብቻ ነበር። ከማንም አልደበቅኩም። የጠየቀኝም አልነበረም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከወገቤ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ሁሉም ሰው ከመቆም ነው አለኝ። እኔ የደንበኞቼን ፀጉር ስሠራ እነሱ እኔን ይመረምሩኛል። ከዚያ ትኩሳት ተከተለ። ጠዋት ደህና ሆኜ እነሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ብርድ ብርድ ይለኛል። ከተማው በሙቀት ሲቀቀል ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጅቡቲ ውስጥ እኔ ብቻ የነበርኩ ይመስለኛል። ከብርዱ ቀጥሎ ላቡ ይመጣል፤ አንሶላዬ ተጨምቆ ይሰጣል። ደግሞ ጥቂት ቀን ምንም እንዳልነበረ ይተወኛል። ዳንኩ ብዬ ሥራ ስገባ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ክሊኒክ «ፓሉ» አለኝ፤ ወባን እዚያ እንዲህ ነው የሚሏት። ክኒኑን ዋጥኩ፣ ትኩሳቱ ተወኝ፣ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ታይፎይድ ነው ብሎ በመርፌ በሳሳኝ። ሦስተኛው ኩላሊት ነው፣ ውሃ ጠጪ አለኝ፤ በዚያ ከተማ ውሃ ሳይጠጣ በሕይወት ያለ ሰው ያየ ይመስል። ታደለ በየጉዞው የሚያመጣት ገንዘብ ሁሉ በየፋርማሲው ቀረች።

የክሊኒኮቹን መጠበቂያ ክፍሎች ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ማራገቢያው የሚደርስበት ወንበር አለ፣ የማይደርስበት ወንበር አለ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ተስፋ የለም። ጫቱ ከተማ ከገባ ወዲያ ካርድ አውጪውም ነርሱም ልባቸው ቤታቸው ነው። አንድ ቀን አንዲት የአፋር ባልቴት ስንቀጠቀጥ አይተውኝ ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ነፋስ ያለውን ወንበር ለቀቁልኝ። የያዘኝ ብርድ ስለነበር ነፋስ የምፈልገው የመጨረሻ ነገር ነበር። እምቢ ማለት አሳፍሮኝ ተቀመጥኩበት፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ አመሰገንኳቸው። ያን ዓመት ሳስብ ደስ የምትለኝ ትዝታ ይህች ነች።

በዚህ መሀል ነው መምህር ዘላለም የገባው። ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ ለእሱ አዝኜ አይደለም፣ ልጆቹ ምንም ስላላደረጉኝ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፣ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልለውም።

ዘላለም ወደቡ አካባቢ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ይሠራል። ፈረንሳይኛው ለጉድ ነው። ሚስቱና ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው። ነገረ መለኮት ተምሯል፣ ዓርብ ዕለት ከተማው ሲያርፍ እኛ ኢትዮጵያውያን በተከራየናት አዳራሽ ስንሰበሰብ የሚያስተምረን እሱ ነው። ትምህርቱ «እግዚአብሔርን ማወቅ» ይባል ነበር። ነጭ ሰሌዳና ማርከር አለው፣ ቀስት መሳል ይወዳል። «መከራ» ብሎ መሀል ላይ ይጽፍና ሦስት ቀስት ይስልለታል፤ አንዱ ከኃጢአት፣ አንዱ ከሰይጣን፣ አንዱ ለእግዚአብሔር ክብር። የሰው መከራ ሁሉ ከነዚህ ከአንዱ ነው፣ ማስተዋል ያለው ሰው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ያውቃል ይለን ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት እህት «እሱስ እግዚአብሔር ያውቃል» አለችው። ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ማለት የሰነፍ ክርስቲያን መልስ ነው። አእምሮ የተሰጠን እኛም እንድናውቅ ነው።»

አሜን ብለናል። እኔም ብያለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሰው ይረዳል። ወደ የመን ሊሻገሩ መጥተው መንገድ ላይ የወደቁ ልጆችን ሳይቀር ሐኪም ቤት ወስዶ ያስተረጉማል። ስለዚህ «እህት ሰናይት፣ ነገ ወደ ሆስፒታል ይዤሽ እሄዳለሁ» ሲለኝ እጁን ለመሳም ምንም አልቀረኝም።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ጅቡቲያዊ ነው፣ ቀጭን መነጽር ያደርጋል። በፈረንሳይኛ ይጠይቃል፣ ዘላለም ይመልሳል። መጀመሪያ ላይ ዘላለም ወደ እኔ ዞር እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ ሕመሙ መቼ ጀመረሽ፣ የት የት ያምሻል፣ ላብ አለሽ ወይ። እየቆየ ሲሄድ መዞሩን ተወው። ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀ፣ ዘላለም ሳቅ ብሎ ወዲያው መለሰለት። ከመልሱ ውስጥ የለየሁት «ክሬትየን» የምትለውን ቃል ብቻ ነበር፤ ክርስቲያን ማለቱ ነው። ስለ እምነቴ እየመሰከረልኝ መስሎኝ ልቤ ሞቀ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ደም ተወሰደ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ የሚያዝ ነገር አልተገኘም። ማስታገሻ ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ማርገዜን አወቅኩ። ከታደለ ጋር ለዓመታት ስንጠብቀው የነበረ ነገር ነው። ስደውልለት መኪናውን ዳር አቁሞ አለቀሰ። ሐዋ ደግሞ አንዱን ኩባያ ሁለት አደረገችው። «ይኼኛው ለልጁ ነው፣ አባዮ» ትለኛለች፤ አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ሁለቱንም ጠጣሁ።

ፅንሱ አልጸናም፤ ሆዴ መታየት ሲጀምር ወረደ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም። ያጠበችኝ ሐዋ ነች። «ለምን እኔን?» ብዬ ስጮህ «ኢላሃይ ባ ኦግ» አለችኝ፤ የሚያውቀው አላህ ነው ማለቷ ነው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ትራሴን አገላበጠችልኝና ደጃፌ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ዘላለም መጣ። ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱን አቶ ግርማን አስከትሏል። ፍራሼ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እህት ሰናይት፣ ሐኪሞቹ ምንም አላገኙም» አለኝ። «ሰው ፈልጎ ያጣው ነገር ሲሆን እግዚአብሔር እየተናገረ ነው ማለት ነው።»

«ምን እያለኝ ነው መምህር?»

«እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። የደበቅሽው ነገር አለ።»

«ምንም የደበቅኩት ነገር የለም።»

«ባልሽ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ከተማው ደግሞ ጅቡቲ ነው።» ድምፁ የለሰለሰ ነበር። ያን ልስላሴ ዛሬም ድረስ እሰማዋለሁ። «ፅንሱንስ ለምን የወሰደው ይመስልሻል? እግዚአብሔር በከንቱ አይወስድም። ንስሐ ግቢና ትድኛለሽ።»

አቶ ግርማ ወለሉን ያያሉ። እኔ መናገር አቃተኝ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠረው። በሚቀጥለው ዓርብ ስሜን ሳይጠራ «በመካከላችን ስላለው የተሰወረ ነገር» አስጸለየ፤ ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ባሏ ሹፌር የሆነ፣ የታመመች ሴት ጉባኤው ውስጥ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ይህ አልበቃው ብሎ ለታደለ ደወለለት።

ታደለ መጥቶ ደጃፉ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ።

«መምህር ደውሎልኝ ነበር» አለ።

«ምን አለህ?»

«ሰኒ፣ እኔ በሌለሁ ጊዜ እዚህ ቤት ማን ነው የሚመጣው?»

«ሐዋ።»

«ሌላስ?»

ይህችን «ሌላስ» ከአፉ ስትወጣ አይቻታለሁ። ወገቤ እንደሚሰነጠቅ ሆኖ ያመኝ ነበር፣ ግን ከወገቤ የበለጠ እሷ አመመችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ያን ዕለት ወደ ፒኬ ዱዝ፣ የኛ መኪናዎች ወደሚቆሙበት ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ሄዶ መኪናው ውስጥ አደረ። ከዚያ ወዲህ ጅቡቲ ሲመጣ እዚያው ማደር ጀመረ። አስቤዛ በሰፈር ልጆች ይልክልኛል፣ እሱ አይመጣም።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ሥራ በሚውልበት ሰዓት ፍራሼ ላይ ተጋድሜ ትኩሳቴን ስጠብቅ የማስበው ምን ይመስላችኋል? ስለ ፈውስ አይደለም። ዘላለምን ነው የማስበው። በየቀኑ በሐሳቤ በአዲስ ዓይነት አዋርደው ነበር። ጸሎቴ አንድ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ምላሱን ያዝልኝ።» ሌላ ጸሎት አልነበረኝም፣ እሱንም ከልቤ ነበር የምጸልየው።

አንድ ነገር ግን ገባኝ፣ ከማንም አልተማርኩትም። ጌታ በተሰቀለ ቀን ከመስቀሉ ሥር የቆሙት የተማሩ ሰዎች ያዩትን በደንብ ያወቁ ይመስላቸው ነበር። እግዚአብሔር የተወው ሰው ነው፣ የደበቀው ጥፋት ባይኖር እዚህ አይደርስም ነበር ብለው ደመደሙ። ቀስታቸውን ስለው ጨርሰው ነበር። እግዚአብሔር ግን ዓይናቸው ፊት ነበር፣ አላወቁትም። ከዚያ ወዲያ በሰው ቁስል ላይ ቆሞ እግዚአብሔር እንዲህ አስቦ ነው የሚል ሰው የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። እግዚአብሔርን የምናውቀው እሱ ራሱ ሊያሳየን በወደደው ልክ ነው። ትርፉን ከራሳችን ነው የምንጨምረው፣ ብዙውን ጊዜም ትርፉ የሚያርፈው የሌላ ሰው ጀርባ ላይ ነው።

ወገቤ ጨርሶ መቆም ሲከለክለኝ ሐዋ ታክሲ ጠርታ ወደዚያው ሆስፒታል ወሰደችኝ። ዘላለም ንስሐ ላልገባ ሰው ማስተርጎም አቁሞ ነበርና አልጠራነውም። ያገኘነው ያንኑ መነጽር ያለውን ሐኪም ነው። ከሐዋ ጋር በሶማሊኛ ይነጋገራሉ፤ እኔም ከዓመታት የግቢ ኑሮ በኋላ ሶማሊኛው ይገባኛል። ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው ጀመረ። መሀል ላይ ደረሰና፦

«ያልተፈላ ወተት ትጠጫለሽ? የግመል፣ የፍየል?»

ሐዋ ቀደመችኝ። «በየቀኑ እንጂ። እኔ ነኝ የምሰጣት።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ባለፈው ጊዜ አብሮሽ የመጣውን ሰውዬ ይህንኑ ጠይቄው ነበር እኮ። ክርስቲያን ነች፣ ክርስቲያኖች የግመል ወተት አይጠጡም አለኝ።»

ያቺ ልቤን ያሞቀችው «ክሬትየን» ይህች ነበረች። ዞር ብሎ ትጠጫለሽ ወይ ቢለኝ በአንዲት ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር። አልጠየቀኝም። ለምን ይጠይቀኛል? ያውቃላ።

ሐኪሙ ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ አዘዘ፣ ተገኘ። ብሩሴሎሲስ ይባላል፤ ከታመመች ግመል ወይም ከብት ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው የሚገባ ተሕዋስ ነው። ትኩሳቱን እያመጣ ይመልሰዋል፣ መገጣጠሚያና ወገብ ውስጥ ይቀመጣል። «ፅንስ ያስወርዳል?» ብዬ ጠየቅኩት። መነጽሩን አወለቀና «ሊያስወርድ ይችላል» አለ። «ያንቺን ያስወረደው እሱ ነው ብዬ ግን መማል አልችልም።» ሐኪም ሆኖ እንኳ ስላላየው ነገር መማል አልፈለገም።

ሐዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የሷ ልጆች ያንኑ ወተት ሲጠጡ አድገው ምንም አልሆኑም፣ እንዴት ልታውቅ ትችላለች? «ገደልኩሽ አባዮ» ትላለች። አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ። በሷ ላይ አንድም ቀን አልተናደድኩም፤ ወተቱን ስትሰጠኝ እግዚአብሔር ላከው አላለችኝም።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነበር፣ ለሳምንታት የሚወሰድ። አንደኛው ሽንትን እንደ ብርቱካን ያቀላል፤ ማንም አልነገረኝምና መጀመሪያ ሳየው አለቀልኝ ብዬ ነበር። እናንተ እንዳትደነግጡ። ጨጓራዬን አቃጠለው፣ ጠረኔን ለወጠው፣ ግን አሥር ሰዓት ሲሆን የምጠብቀው ብርድ አንድ ቀን ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ወገቤ ቀስ እያለ ተፈታ።

ለታደለ የደወለችለት ሐዋ ነች፤ በተሰባበረ አማርኛዋ ሰድባው ዘጋችበት። ያን ዕለት መጣ። ጫማውን አውልቆ ፍራሼ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ልሂድና አንገቱን ልነቀው?» አለ።

«እሱን ተወው። እሱ የእኔ ነው።»

«እኔንስ?»

«አንተንም አስቤበት ነው» አልኩት። በኋላ ይቅር አልኩት፤ ጊዜ ወስዶብኛል። ዛሬም «ሌላስ?» የምትል ቃል ከአፉ ስትወጣ፣ ስለ ሽንኩርትም ቢሆን፣ ሁለታችንም ዝም እንላለን።

በእግሬ ቆሜ የመጀመሪያዋ ዓርብ አዳራሹ ገባሁ። የምናገረውን ለሳምንታት ሳሰላስል ነበር የከረምኩት። ዘላለም ግን ቀደመኝ። ከመድረክ አይቶኝ እጁን ዘረጋ።

«እህታችን ከተሰወረው ነገር ተመልሳለች፣ ጌታም ፈውሷታል። እልል በሉ።»

የመታመሜን ምክንያት ብቻ ሳይሆን የመዳኔንም ያውቀዋል ማለት ነው። እልልታው ሳያልቅ ተነሳሁ።

«መምህር፣ ከምንድን ነው የተመለስኩት?»

ማርከሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ባለፈው ዓመት ማታ ማታ ምን እጠጣ ነበር?»

«እህቴ፣ ይህ ቦታው አይደለም።»

«የግመል ወተት ነው የምጠጣው። ያሳመመኝም እሱ ነው። ሐኪሙ ጠይቆ ነበር፣ እኔ አጠገብዎ ተቀምጬ እያለሁ እርስዎ አትጠጣም ብለው መለሱልኝ። ለሐኪሙ ስለ እኔ መለሱ፣ ለእኔ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር መለሱ። ጎንዎ ያለች ሴት የጠጣችውን ያላወቁ ሰው እግዚአብሔር ያሰበውን እንዴት አወቁት?»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፣ ደስም አለኝ። ግን ወዲያው ተመለሰ፣ ያ ልስላሴም ተመለሰ።

«ወተቱም ቢሆን በእግዚአብሔር እጅ ያለ መሣሪያ ነው፣ እህቴ።»

ግማሹ ሕዝብ አሜን አለ። አቶ ግርማም አሜን አሉ። እንዲህ ያለ ሰው በምን ይረታል? ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ፣ ጸሎቴንም ካቆመበት ቀጠልኩት። ምላሱን ያዝልኝ።

ያ የሆነው ዓመቱ ሳይዞር ነው። ዘላለም ቢሮው ውስጥ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ መናገርም አቃተው። ከጉባኤው ጋር የተኳረፉ ሰዎች ፀጉር ቤት ድረስ እየመጡ «እግዚአብሔር ፈረደልሽ» ይሉኝ ጀመር። አንዷ አቅፋኝ «ምላሱን እኮ ነው የያዘው» አለችኝ፤ ስለ ጸሎቴ ምንም ሳታውቅ።

ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ቀኑን ሙሉ እየዘመርኩ ሠራሁ። ወደ ማታ ላይ ግን እጄ የደንበኛዬ ፀጉር ውስጥ እንዳለ ቆመ። እግዚአብሔር ለምን እንደመታው አውቃለሁ እያልኩ ነበር። የሱን ማርከር ይዤ የሱን ቀስት እየሳልኩ ነበር። ይህን ማወቄ የባሰ አናደደኝ። ደስታዬን እንኳ ቀማኝ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ለመጠየቅ ነው ብል ውሸት ነው፤ ተኝቶ ላየው ነው የሄድኩት። አቶ ግርማ አጠገቡ ነበሩ። ዘላለም ሲያየኝ ዓይኑ ሸሸ። ብዙም ሳይቆይ ያ መነጽር ያለው ሐኪም ገባ፣ አወቀኝም።

«ዛሬ ደግሞ አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ በሶማሊኛ። ሕመምተኛው ሰው ሲያናግረው እንደሚሰማ፣ ራሱን መነቅነቅ እንደሚችል ነገረኝ፤ በወደቀበት ቀን ሁሉን በወጉ መጠየቅ አልቻለም ነበር። ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀ። ከዚያ፦

«ጫት ይቅማል?»

ለአቶ ግርማ ምን እንዳለ ነገርኳቸው። እጃቸውን አወናጨፉ።

«ኧረ መምህር እኮ ነው። አማኝ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነካም በይው።»

ወደ ዘላለም ዞርኩ። ዓይኑ አሁን አልሸሸም፤ እኔ ላይ ተተክሏል። ያን ዓመት ሁሉ የለመንኩት ነገር ተሰጥቶኝ ነበር። እሱ አልጋ ላይ፣ እኔ ከሐኪሙ ፊት። በእሱ ፋንታ የፈለግኩትን መመለስ እችላለሁ። አዎ ብል አዎ ይሆናል፣ አይ ብል አይ ይሆናል።

«አላውቅም» አልኩት ሐኪሙን። «እሱን ልጠይቀው።»

አቶ ግርማን ውጭ እንዲጠብቁን ለመንኳቸው፣ እያጉረመረሙ ወጡ። ጎንበስ ብዬ እንዲሰማኝ ረጋ ብዬ በአማርኛ ነገርኩት።

«መምህር፣ ሐኪሙ ጫት ይቅማሉ ወይ ብሎ ጠይቆዎታል። እኔ አልመልስልዎትም። እርስዎ ይመልሱ።»

ለብዙ ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። በጨፈነው ዓይኑ ጥግ እንባ ወጣ። ከዚያ መለሰ። ያየሁትን እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለሐኪሙ ተረጎምኩለት።

የመለሰውን እዚህ አልጽፍም፤ ለታደለም አልነገርኩትም። ዘላለም ዛሬ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ንግግሩም እየተጎተተ ተመልሶለታል፣ ሰሌዳውን ግን ትቶታል። ሰው መሀል ስንገናኝ ከሰላምታ በፊት ዓይኔን ይመረምራል፤ ተናግሬ እንደሆነ፣ ልናገር እንደሆነ ሊያውቅ ይፈልጋል። ፈገግ ብዬ አልፈዋለሁ። አያውቅም። አለማወቅን በእኔ ይለማመድ፣ በኋላ በእግዚአብሔር ፊት ይጠቅመዋል።

በቀል ነው ካላችሁኝ አዎ፣ ነው። ለምን እንደታመምኩ፣ ለምን እንደዳንኩ፣ እሱ ለምን እንደወደቀ፣ ስለዚህችም በቀሌ ጌታ ምን እንደሚለኝ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ይህን ለማለት ልጅም ወገብም ከፍዬበታለሁና ማንም የሰነፍ መልስ ነው እንዳይለኝ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ግን በገዛ አፋችሁ መልሱ፤ ወተታችሁንም አፍሉ።